ጽዋው ወደ ላውንደሪ የወረደ ዕለት

ሰኔ 15 ቀን 2017 ዓ.ም.
ሲልቨር ስፕሪንግ

ኦክላሆማ ላለችው ዓይኔ፣ ለልጄ ለሰሊና፤

እንደምን ሰንብተሻል? እኔ አምላክ ይመስገን ጉልበቴም ሆዴም ደህና ናቸው። ደብዳቤ ስታዪ እንዳትደነግጪ፤ ክፉ ወሬ የለውም። በስልክ ልንገርሽ ብዬ አነሣሁና ድምፄን ስላላመንኩት መጻፍ መረጥኩ። እጄ ቀርፋፋ ነው፤ ከትናንት ጀምሬ ይኸው እዚህ ደረስኩ።

ያን የአየር ትንበያ ሥራ እዚያው ልቀበል ወይስ ትቼው ወደ አንቺ ልምጣ ብለሽ የጠየቅሽኝን አልረሳሁትም። ዝም ያልኩሽ ተቆጥቼ አይደለም። ወንድምሽን ፍሬዘርን አሌክሳንድሪያ ላይ በዚያ ዝናብ ከመኪናው ሳይወርድ ዛፍ ወድቆ ከወሰደብን ወዲህ፣ አንቺ ደግሞ አውሎ ነፋስ በሚፈላበት አገር ኑሪ ማለት አፌ እምቢ አለኝ። መልሱን እነግርሻለሁ። መጀመሪያ ግን የሐሙሱን ጉድ ስሚ።

የሰኔ ሚካኤል የማኅበሩ ተረኛ እኔ ነበርኩ። በዚያው ቀን የዚህ አገርም በዓል ስለዋለ ሥራ ዝግ ሆኖ ሁሉም መጣ። ጠዋት ስልኬ ላይ ቶርኔዶ ዋች የሚል የአውሎ ነፋስ መልእክት መጥቶ ነበር። ዋች ማለት ሽንኩርቱ ተከትፏል፣ ድስቱ ግን ገና አልተጣደም፤ ዋርኒንግ ከተባለ ወጡ እየገነፈለ ነው ብለሽ ያስረዳሽኝን አስታወስኩና፣ ሽንኩርት ብቻ ከሆነ ምን ቸገረኝ ብዬ ወደ ምስሬ ተመለስኩ። ሰው ሲገባም እንደ ልማዴ፣ ጸሎት እንዳይረበሽ፣ ስልኩን ሁሉ በቅርጫት ሰብስቤ መኝታ ቤት አስቀመጥኩና ትራስ ጫንኩበት። ይህን ስታነቢ ራስሽን እንደምትይዢ አውቃለሁ።

ቄስ ገብረሥላሴ ዳቦውን ባርከው ጽዋውን ሊያነሡ ሲሉ መኝታ ቤቱ በአንድ ጊዜ ጮኸ። ሸለምጥማጥ የገባበት የዶሮ ቆጥ በይው። ሰዉ እየተያየ ቁጭ አለ፤ ጽዋ ሳይቀመስ ማን ይነሣል? ጓደኛዬ የዓለምዘርፍ፣ የማን ባል ነው እንዲህ አጥብቆ የሚፈልጋት አለችና አሳቀችን። የተነሡት አቶ ልሳነወርቅ ብቻ ናቸው። እሳቸውም ታክሲ ሲነዱ ስንት ሰማይ እንዳዩ እየነገሩን በረንዳ ወጡ። ሲመለሱ ሰማዩ አረንጓዴ ከመሆኑ በቀር ምንም የለም አሉን፣ እንደ ምሥራች። አረንጓዴ ሰማይ ክፉ ምልክት ነው ማለትሽ ትዝ አለኝ።

ሮጬ መኝታ ቤት ገባሁ። ዋርኒንግ ይላል። ድሮ ካውንቲውን፣ ወረዳውን በሙሉ ያስደነግጡ ነበር፣ አሁን ግን ራዳሩ ስለተሻሻለ ነፋሱ የሚያልፍበትን ሰፈር ብቻ ያጥሩታል ብለሽ ያሳየሽኝ ቀይ መስመር፣ የእኔን ሕንፃ ውስጡ ከቶታል። ከመሳቢያው ውስጥም ሌላ ስልክ ይጮህ ነበር። የፍሬዘር ነው። ቻርጅ እንደማደርገው አልነገርኩሽም። ያን ዕለትም እንዲሁ ጮኾለት ነበር።

ወጥቼ ሁላችሁም ወደ ቤዝመንት፣ ወደ ምድር ቤቱ ውረዱ አልኩ። ማንም አልተንቀሳቀሰም።

«ጽዋ ይቋረጣል እንዴ፣ ትብለጥ?» አሉኝ አቶ ልሳነወርቅ። «ሚካኤል ያለበትን ቤት ምን ይነካዋል?»

«ጽዋው አይቋረጥም፤ ይወርዳል» አልኳቸው። «ሚካኤልም ደረጃ ያውቃል።»

ጽዋውን ከነሽፋኑ ታቅፌ በሩን ከፈትኩ። ቄሱ መስቀላቸውን ያዙና፣ እንግዲህ ጽዋው በሄደበት እንሄዳለን አሉ። ከዚያ በኋላ ማን ይቀራል? ኤሌቬተር እንዳይነኩ ከለከልኩና ሰባቱን ፎቅ በደረጃ ወረድን። የዓለምዘርፍን ጉልበቷን ስለሚያማት ቄሱና አቶ ልሳነወርቅ ግራና ቀኝ ደገፏት። በሠርጌ ቀን እንኳ እንዲህ አልተያዝኩም እያለች ወረደች።

ምድር ቤት ያለው ላውንደሪ፣ የልብስ ማጠቢያው ክፍል፣ መስኮት የለውም፤ አንቺ የመረጥሽልኝ ቦታ ነው። የኤል ሳልቫዶሯ ጎረቤቴ ከነሕፃኗ፣ አንድ ሽማግሌም ከነውሻቸው ቀድመውናል። ግድግዳውን ተደግፈን ወለሉ ላይ ተቀመጥን። የሰው ልብስ በማሽን ይሽከረከራል፣ ቄሱ ይጸልያሉ፣ ውሻው ያዳምጣል። ዳቦው ለጎረቤቶቹም ደረሳቸው፤ ሕፃኗ ሁለቴ ጠየቀች። የዓለምዘርፍ ሚካኤልን በሳሙና ሽታ አነገሥነው ስትል ቄሱም ሳቃቸውን መያዝ አቃታቸው።

ነፋሱ ቶሎ አለፈ። ቤልትስቪል በኩል የአንድ መጋዘን ጣሪያ ገልጦ ሄደ እንጂ ሰው አልተጎዳም። ከእኛ የወሰደው የአቶ ልሳነወርቅን ኩታ ነው። ሰማይ ሲያዩ ከበረንዳው ብረት ላይ ጥለውት ነበርና፣ ከመንገዱ ማዶ ዛፍ ጫፍ ላይ ተሰቅሎ አገኘነው። አንጋጠው ብዙ አዩት።

«ልጅሽን አመስግኚልኝ» አሉኝ።

የእኔዋ ኦክላሆማ ናት፣ ይህን ያየልን የሌላ ሰው ልጅ ነው አልኳቸው።

«እንግዲያው እናቱን ያኑርለት» አሉ።

ከዚያ ጀምሮ የማስበው ስለዚያች ሴት ነው። አላውቃትም። ልጇ ከእሷ ርቆ ራዳር ላይ አፍጥጦ እኔን ሲጠብቅ ዋለ። ልጄን መልሱልኝ ብላ ቢሆን ኖሮ፣ እኔ ስልክ በትራስ አፍኜ ሰባተኛ ፎቅ ላይ ቁጭ ብዬ ነበር።

ስለዚህ ሥራውን ተቀበይ፣ ልጄ። እየቀፈፈኝ አይደለም የምልሽ፤ ወድጄ ነው። እዚያም ስልኩን የምታፍን እናት አትጠፋም።

አንድ ነገር ብቻ ጻፊልኝ። ሌላውን ውረድ የምትዪ፣ አንቺ የት ትወርጃለሽ? መሥሪያ ቤታችሁ ምድር ቤት አለው? አለቃሽንም ጠይቂ፤ እናቴ ናት የጠየቀችው በዪ፣ አትፈሪ።

ሚካኤል በክንፉ ይጋርድሽ። ዓይንሽን ከድካም፣ ቃልሽን ሰሚ ከማጣት ይጠብቅልሽ።

እናትሽ
ትብለጥ