የአባትህ ጆይስቲክ

ታዴ፣

ከሄድክ ክረምቱ ወጥቶ፣ የግቢው ጭቃ ደርቆ አቧራ ሆኗል። ስጽፍልህ የመጀመሪያዬ ነው። ለሞተ ሰው ደብዳቤ የሚጽፉ ሰዎች አይገቡኝም ነበር። አሁን የማማክረው ሰው ሳጣ ገባኝ።

ቤቱ እንዳለ ነው። የጀመርከውን የበረንዳ ጣሪያ ወንድምህ ጨረሰው፤ በአንድ በኩል ግን ያፈስሳል። አየር ጤና ያለው የጥገና ሱቅህ ሌላ ሰው ገብቶበት የስልክ ሽፋን ይሸጥበታል። በዚያ ሳልፍ ታክሲው ውስጥ ሱቁ በማይታይበት በኩል እቀመጣለሁ።

አባትህ ያው ናቸው። ያቀረብኩላቸውን ይበላሉ፤ ጨምሪልኝም በቃኝም አይሉም። እስከ ቅርብ ጊዜ ድረስ፣ ማታ ዜናው ሲያልቅ ከሶፋው ትራስ ሥር የኮምፒውተር ኳስ የሚጫወቱበትን ጆይስቲክ ያወጡና ጭናቸው ላይ አድርገው ያዩኝ ነበር። "ያ ነገር ዛሬም እምቢ አለ?" ይሉኝ ነበር። ዛሬም እምቢ አለ፣ አባባ እል ነበር። መልሰው ትራሱ ሥር ይከቱት ነበር። ቀኑን ሙሉ የምንነጋገረው ይህንኑ ነበር።

ዳሌያቸው ተሰብሮ ኮምፒውተሩ ፊት በርጩማ ላይ መቀመጥ ሲያቅታቸው፣ ይህን ገመድ አልባ ጆይስቲክ ከመርካቶ ይዘህላቸው መጣህ። ሶፋቸው ላይ ተጋድመው እንዲጫወቱ ነበር። መጀመሪያ ሳቁብህ፤ "በሰባ ዓመቴ አሻንጉሊት ገዛልኝ" እያሉ ለጎረቤት ሁሉ አወሩ። ብዙም ሳይቆይ ሊጠይቃቸው የመጣውን የማኅበር ወዳጃቸውን "ቁጭ በል፤ እረፍት ሳይደርስ አናወራም" አሉት። ሰውዬው ጸበል ጻዲቁን እንደያዘ ግማሽ ጨዋታ ሙሉ ጠበቃቸው። በጨዋታው ውስጥ የእሳቸውን ቡድን ቡልጋ፣ ያንተን ኮልፌ ብላችሁት ነበር። ባገቡብህ ቁጥር "ልጄ ነህ ብዬ አላዝንልህም! ኳሷን ከመረቡ አውጣ!" ሲሉ እኔ ከጓዳ ሆኜ ዝም በሉ እያልኩ እጮህ ነበር። ጎረቤት ምን ይላል ብዬ ነበር የምጨነቀው።

የተበላሸው በለቅሶህ ነው። ማንንም ልወቅስ አልፈልግም። ሳሎኑ ባዶ ሆኖ ፍራሽ ተነጥፎ ነበር። ወንዶቹ ድንኳን ውስጥ ካርታ ይጫወታሉ፣ ልጆቹ በሰው እግር መሃል ይሯሯጣሉ። የእህትህ ባል ልጆቹን ጸጥ ላሰኛቸው ብሎ ጆይስቲኩን ከስልኩ ጋር አገናኘላቸው። ጸጥ አሉም። እሱም ስልኩን ይዞ ሳንሱሲ ወዳለው ቤቱ ተመለሰ። ጆይስቲኩ ደግሞ ከዚያ ወዲህ የሚፈልገው ያንን ስልክ ነው፤ ኮምፒውተራችንን ረስቶታል።

አንተ ስታደርግ ያየሁትን ሁሉ አደረግኩ። ሁለቱን ቁልፎች አንድ ላይ ተጫንኩ፤ መብራቱ ቶሎ ቶሎ ብልጭ ድርግም አለ። ብሉቱዙን ከፈትኩ፤ የጆይስቲኩ ስም መጣ። ስሙን ስነካው ተገናኝቷል ይላል፣ መብራቱ ይረጋል፣ አባትህ ቀና ይላሉ። ከዚያ ይጠፋል። እንደገና ስሞክር እንደገና ይጠፋል። በገመድም ሰካሁት፤ ቻርጅ ከማድረግ በቀር የሚያደርገው ነገር የለም። የእህትህ ባል ከስልኩ ላይ ሰረዘው፤ ለውጥ የለም። እሳቸው ቀና ሲሉ ማየት ስላልቻልኩ አሁን የምሞክረው ሲተኙ ነው።

ከሱቅህ ማዶ የሚሠራውን ጠጋኝ ልጅ ቤታችን ድረስ አመጣሁት። ገና ኮምፒውተሩን ሲከፍተው "እህቴ፣ ይሄ እኮ ዊንዶውስ አይደለም፣ ሊኑክስ ነው። ማነው እዚህ ጉድ ውስጥ የከተተሽ?" አለኝ። ባሌ ነው አልኩት። አቀረቀረ። ችግሩ ገብቶታል፤ ኮምፒውተሩ የድሮውን ትውውቅ እንደያዘ ነው፣ እሱ ተሰርዞ እንደ አዲስ መተዋወቅ አለባቸው አለ። በማውሱ አልሰረዝ ሲለው ትእዛዝ የሚጻፍበትን ጥቁር ገጽ ከፍቶ ጻፈ። ኮምፒውተሩ ሲከፈት የማይጠይቀውን የይለፍ ቃል ጠየቀ።

ታዴ፣ ለምን አልነገርከኝም? አልጠየቅኩህም፤ አውቃለሁ። ስጽፍ ፊደሉ አይታይም፣ ነጥብ እንኳ አይወጣም፤ መጻፌንም አላውቅ። የእኔን ስም ሞከርኩ። አይደለም። የአባትህን፣ የእናትህን፣ የመንደራችሁን ስም ሞከርኩ። አይደለም። ልጁ ሲጠብቀኝ አፈርኩ፤ ያንተን ነገር የማላውቅ ሴት መሰልኩ።

ሌላ መንገድ አላውቅም አለ። "ሁሉንም አጥፍቼ ዊንዶውስ ልጫንልሽ፤ ዛሬ ማታ ይጫወታሉ።" ጨዋታውስ አልኩት። ጨዋታው እንደ አዲስ ይጫናል፤ እስካሁን የተጫወቱት ግን ይጠፋል አለ። እሺ ልል ነበር። እውነቱን ነው የምነግርህ፣ አፌ ላይ ደርሶ ነበር። አባትህ ከሶፋው ሆነው "ምንድን ነው የሚጠፋው?" አሉ።

አስረዳኋቸው። "የት ላይ ነበርን?" አሉኝ። አላወቅኩም። ጨዋታውን ከፍቼው አላውቅም፤ አንተ ከሌለህ ማን ይጫወታል ብዬ። ልጁ በማውሱ ከፈተው። የመጨረሻው ጨዋታ እረፍት ላይ ቆሟል። በመጨረሻው ማታህ ራሴን አመመኝ ብለህ ስትተኛ "ሁለተኛውን አጋማሽ ነገ" ብለሃቸው ነበር። ቡልጋ ሁለት፣ ኮልፌ አንድ።

ቁጥሩን ከሶፋው ሆነው ማንበብ አልቻሉም፤ አነበብኩላቸው። "እየመራሁት ነበር" አሉ። በለቅሶህ ያልወጣ እንባቸው ያን ጊዜ ወጣ። ልጁ ወደ መስኮቱ ዞረ። እኔ ጆይስቲኩን ቻርጅ ላይ ሰካሁት፤ ሌላ የማደርገው ስላጣሁ።

"አይነካ" አሉት በኋላ። ልጁ ዕቃውን ሰብስቦ ሄደ።

ስለዚህ አልተሠራም። ምናልባት ቃሉን አንድ ቀን አገኘው ይሆናል፤ ምናልባት አላገኘውም። አባትህ ደግሞ እየደከሙ ነው፤ ይህን ከአንተ አልደብቅም። አሁን ማታ እምቢ አለ ወይ አይሉኝም። "ክፈቺልኝ" ይላሉ። እከፍተዋለሁ። ጆይስቲኩን ጭናቸው ላይ ያደርጋሉ፤ የማይታያቸውን ቁጥር እኔ አነብላቸዋለሁ። መብራት ከጠፋ በማግስቱ ደግመን እንከፍታለን።

እኔ በዚህ ቤት እስካለሁ ድረስ ያን ኮምፒውተር ማንም አይደመስሰውም። ሁለት ለአንድ ነው። ሁለተኛው አጋማሽ አልተጀመረም።

ባለቤትህ