የይትባረክ ሞተር ድምፅ

ለልጄ ለይትባረክ፣

እንደምን ሰንብተሃል? እኔና እናትህ አዳማ ደህና ነን። አንተ ወደሄድክበት ወደ አቦምሳ የሚመላለሰው ሾፌር የበፊቶቹን ደብዳቤዎች "የሚቀበለኝ አጣሁ" ብሎ ቢመልሳቸውም፣ ይህን እንዲያደርስልህ ለምኜዋለሁ።

ሞተርህን እየነዳሁት ነው። ካርቡሬተሩን ቤንዚን አብዝተህበት ስለሄድክ ጥቁር ጭስ ይተፋ ነበር። የአየሩን ብሎን በካቻቢቴ ዞር አደረግኩት፤ ድምፁ ጠራ። ድሮ ድምፁን ከሩቅ ለይታ በር የምትከፍትልህ እናትህ ግን "ማነው?" አለችኝ። ደስ አላለኝም። መልሼ አንተ በተውክበት አደረግኩት፤ እሳት የሚሰጠው ካንዴላ በጭሱ ቢጠቁርም ይጥቆር።

ትናንት ስገባ "ይትባረክ!" ብላ በሩን በርግዳ ወጣች። ሄልሜቱን ከራሴ ላይ ማውለቅ አቃተኝ።

ራስህ መጥተህ እስክታስተካክለው ብሎኑን አልነካውም። መድኃኔዓለም ባለህበት ይጠብቅህ።

አባትህ አብተው