እድፉ የማን ነው?

ይድረስ ለልጄ ለኢኽላስ፣

አሏህ ከክፉ ዓይን ይጠብቅሽ፤ ባለሽበት ሰላሙን ያውርድልሽ። እኛ አልሐምዱሊላህ ደህና ነን። የጣና ንፋስ ግን የሱቃችንን መስኮት ሲያንኳኳ ነው የሚውል። እኔም እንደሱ ሆኛለሁ፤ ተቀመጭ ቢለኝ አልቀመጥ እያልሁ አባትሽን አሰለቸሁት።

ባለፈው ስትደውዪ ያልሽኝ ከጆሮዬ አልወጣ አለ። እናንተ የሰማይ ተመራማሪዎቹ፣ ምድራችንን የምታህል አንዲት የሩቅ ፕላኔት በኮከቧ ፊት ስታልፍ በአየሯ ሾልኮ የሚመጣውን ብርሃን ትመረምራላችሁ። ኮከቡ ግን ራሱ ጥቁር ነጠብጣብ አለበት፤ ነጠብጣቡም ላይ የውሃ እንፋሎት ይገኛል። ስለዚህ ያያችሁት ውሃ የእሷ ይሁን የኮከቡ አልለይ አላችሁ። ይኸው አይደል?

እኔም እንዲሁ ተሳሳትሁልሽ። ማክሰኞ ሸማኔው ሳዲቅ ያመጣልንን ነጠላ እንደ ልማዴ በመስኮቱ ብርሃን ዘርግቼ ሳይ እድፍ አየሁበት። ተቆጥቼ መለስሁበት። ሁለተኛውን ብዘረጋ እዚያው ቦታ ላይ እድፍ! ነጠላውን ሳብ ሳደርገው እድፉ አብሮ አልሄደም፤ ለካ የመስኮቱ መስታወት ላይ ኖሯል። ሳዲቅን ይቅርታ ጠየቅሁት። አሁን ነጠላውን ደጅ አውጥቼ ነው የማየው። እናንተ ኮከቡን ወዴት ታደርጉታላችሁ?

ከዚያ ወዲህ ልቤ አላርፍ አለ። በስልክ ሳይሽ ከዓይንሽ ሥር ጠቁሮብኝ ነበር። የስልኬን መስታወት በነጠላዬ ጫፍ ጠረግሁት፤ አልለቀቀም። እባክሽ ያንቺንም ካሜራ ጥረጊና ፀሐይ ላይ ቆመሽ ደውዪልኝ።

አሏህ ዕድሜና ጤና ይስጥሽ። የመስታወቱ ከሆነ በጨርቅ ይለቃል፤ ያንቺ ከሆነ ግን እኔ እናትሽ ልወቀው።

እናትሽ ዘይነት