ከሥላሴ እስከ ሆስፒታል በነጻ

ኅዳር 3፣ ረቡዕ
ብርዱ ጣት ያደነዝዛል። በጓንት ትኬት አይቆረጥ፣ ጓንቱን ሳወልቅ ጣቴ አይታዘዝ። ሾፌራችን ጋሽ ተስፋሚካኤል ሞተሩን እያሞቀ፣ «ሰርክዬ፣ ጣትሽ ሊያርፍ ነው» አለኝ። ምነው አልኩት። መሀል ከተማው፣ ከሥላሴ እስከ ሆስፒታል፣ ለሦስት ወር በነጻ ሊሆን ነው አለ። ለሙከራ። ከከተማው ዳር ከጠባሴ እስከ ሥላሴ ግን እንደ ድሮው ይከፈላል።
ትኬት ቆራጯስ ምን ልትሆን ነው? አልጠየቅኩትም።

ኅዳር 8፣ ሰኞ
ቢሮ ተጠራን። አዲሷ ኃላፊ ኢንጂነር ፀደንያ ልጅ ናት፣ ግን ሰው ታዳምጣለች። ደብተር ሰጠችኝ። መሀል ከተማ የሚሳፈረውን፣ «ነጻ ባይሆን በምን ይሄዱ ነበር?» ብለው ይጠይቁልኝ አለች። ረድፉ ሦስት ነው፤ በእግር፣ በባጃጅ፣ በራስ መኪና። የታሰበው ከመሀል ከተማው መኪናና ባጃጅ እንዲቀንስ ነው።
ሙከራው ከተሳካ እኛ እንቀነሳለን ወይ አልኳት። «ገና አልወሰንንም» አለች። የዋሸችኝ አልመሰለኝም።

ኅዳር 15፣ ሰኞ
የመጀመሪያው ቀን። ሰው ለጉድ ነው። አንድ ሽማግሌ ሥላሴ ተሳፈሩና፣ «ልጄ፣ ኋላ ከጡረታዬ ላይ አይቆርጡብኝም?» አሉኝ። አይቆርጡም አባባ። ሆስፒታል ስንደርስ አልወረዱም። ከእኛው ጋር ዞረው ተመለሱና መርቀውን ወረዱ።

ኅዳር 20፣ ቅዳሜ
የገበያ ቀን። ከገጠር፣ ከአልዩ አምባ ለገበያ የምትመጣው ሰሊሃ ሁለት ጆንያ ቃሪያ ይዛ መናኸሪያው ጋ ጠበቀችን። በፊት በሸክም ነበር የምታመላልሰው። ገበያው በር ላይ ስናወርዳት፣ «አልሐምዱሊላህ፣ ወገቤ ተረፈ» አለች። በእግር የሚለው ረድፍ ላይ ጻፍኳት።
ለሷ ደስ አለኝ።

ኅዳር 24፣ ረቡዕ
ታናሽ ወንድሜ ኃይለኢየሱስ ለምሳ መጣ። ባጃጁን ከመሀል ከተማ አውጥቶ የጠባሴን መስመር ይዟል። «መሀሉን ገደላችሁት እታለም። ግን ጠባሴ ጥሩ ነው። እናንተ መሀሉን ስትመላለሱ እዚያ በሰዓት አንዴም አትደርሱ።»
እውነቱን ነው። እኛ እኮ መሀሉ ላይ ቶሎ ቶሎ መመላለስ ነው የታዘዝነው።
ደብተሩን አየሁት። ከመቶው ሰው ሰማንያ ሁለቱ በእግር ነበር የሚሄዱት። አሥራ ሰባቱ በባጃጅ። በራሱ መኪና ይሄድ የነበረ አንድ ሰው፤ እሱም መኪናው ጋራዥ ስለገባበት ነው። ታዲያ ምኑን ቀነስነው?

ኅዳር 29፣ ሰኞ
ሥላሴ ፌርማታ ላይ እማማ ይመኙሻል የሚባሉ ሴትዮ ተሳፈሩ። ስኳር አለባቸው። እግራቸው ላይ ያለውን ቁስል ለማሳጠብ በየሰኞው ሆስፒታል ይመላለሳሉ። ከየት መጡ ብላቸው ከጠባሴ። በምን? በእግሬ። በዚህ ቁስል!
«ምን ላድርግ ልጄ። ነጻው የሚጀምረው ድካሜ ካለቀ በኋላ ነው።»
ቅሬታ አይመስልም አነጋገራቸው። መንገድ እንደሚያሳይ ሰው ነው የነገሩኝ። ከእኔ ጆሮ ግን ቀኑን ሙሉ አልወጣም።

ታኅሣሥ 6፣ ሰኞ
ይኼን መጻፍ አለብኝ።
ጠዋት ከጠባሴ ስንመጣ ግማሹ ወንበር ባዶ ነበር። ሥላሴ ላይ ተማሪዎች ግር ብለው ገቡ። ሁለት ፌርማታ ለሚሆን መንገድ። እማማ ይመኙሻል ከኋላ ነበሩ፣ ሳይደርሱ በሩ ሞላ። ከዘራቸውን አነሱ። ጋሽ ተስፋሚካኤል በመስታወት አያቸው፣ እኔም አየሁ። «ቀጣዩ ይወስዳቸዋል» አለ። ቀጣዩ እንደቆመ ሁለታችንም እናውቃለን። ጎማው ተበላሽቶ ነው።
አንዱን ተማሪ ውረድ ማለት እችል ነበር። ዝም አልኩ። ለምን?

ታኅሣሥ 13፣ ሰኞ
አልመጡም።

ታኅሣሥ 20፣ ሰኞ
ዛሬም የሉም።

ታኅሣሥ 27፣ ሰኞ
አንዲት ሴት እማማ ይመኙሻልን ትመስላለች ብዬ ጠየቅኳት። ልጃቸው ናት፣ አልታየች ትባላለች። ለእናቷ ምግብ ይዛ እየሄደች ነው። ሆስፒታል ተኝተዋል። ያን ዕለት ሲያቅታቸው ወደ ቤት ተመልሰው፣ ከዚያ ወዲያ ለመውጣት ፈሩ። ቁስሉ አመረቀዘ። ሁለት ጣት ተቆረጠ።
ጣት ብቻ በመሆኑ ተመስገን አለች።

ጥር 3፣ እሑድ
ከሆስፒታል ወጥተዋል ሲባል ጠባሴ ቤታቸው ሄጄ ጠየቅኳቸው። አውቶቡሱ ላይ የነበርኩት እኔ ነኝ አልኳቸው። «አውቄሻለሁ» አሉ። ያመጣሁላቸውን ብርቱካን ሰጡኝና፣ «ላጪልኝ» አሉኝ።

ጥር 14፣ ሐሙስ
ስብሰባ። ሙከራው ይቀጥል ወይስ ይቅር? ባለሱቆቹ ይቀጥል አሉ፣ ሰው በዝቶላቸዋል። ባለባጃጆቹ ይቅር አሉ። ኃይለኢየሱስ ከኋላ ተቀምጧል። ይቅር እንድል ይጠብቃል፣ የመሥሪያ ቤት ጓደኞቼም እንደዚያው።
ኢንጂነር ፀደንያ ወይዘሮ ሰርካለም ይናገሩ አለችኝ። ደብተሩን አነበብኩ። ከዚያ የታኅሣሥ 6ቱን ተናገርኩ፣ የእማማ ይመኙሻልን ስም ሳልጠራ። በመስታወት ማየታችንንም ጭምር። ጋሽ ተስፋሚካኤል አቀረቀረ።
«በነጻ መሆኑ ጥሩ ነው፣ የጠቀማቸው አሉ» አልኩ። «ቦታው ግን ልክ አይደለም። መሀል ያለው ሰው መራመድ ይችላል። ነጻ የሚያስፈልገው ከጠባሴ ወደ ሆስፒታል ለሚመጣው ነው።»
አንድ ባለባጃጅ፣ «ወንድሟ ጠባሴ ነው የሚሠራው፣ በገዛ ሥጋዋ ላይ ፈረደች» አለ። ሳቁ። ኃይለኢየሱስ አልሳቀም፣ ተነስቶ ወጣ።

የካቲት 4፣ ረቡዕ
ደብዳቤ መጣ። መሀል ከተማው ወደ ክፍያ ይመለሳል። ከጠባሴ እስከ ሆስፒታል አንድ አውቶቡስ፣ ከጠዋቱ አሥራ ሁለት ተኩል እስከ ስድስት ሰዓት፣ በነጻ። ለስድስት ወር። አንድ አውቶቡስ ብቻ… ከምንም ይሻላል።
ሰሊሃ ቅዳሜ ስትሰማ ምን ትለኝ ይሆን? ሸክሙን ወገቧ ላይ የመለስኩባት እኔ ነኝ።
ነጻው መስመር ላይ ትኬት የለም። ተሳፋሪ አስተናጋጅ ሆነሽ ትሠሪያለሽ ተባልኩ፣ እስከ ስድስት ሰዓት። የግማሽ ቀን ሥራ ማለት ነው፣ ደመወዙም በዚያው ልክ። ኃይለኢየሱስ ስልኬን አያነሳም። ሦስት ሳምንት ሆነው።

የካቲት 16፣ ሰኞ
ነጻው የጠባሴ መስመር ዛሬ ጀመረ። ውርጩ ገና ሣሩ ላይ ነው። ሠላሳ አራት ሰው ቆሞ ጠበቀን፤ በጋቢ የተጠቀለሉ፣ ሕፃን ያዘሉ፣ ካርዳቸውን በፌስታል የያዙ። በምን ይሄዱ ነበር ብዬ ጠየቅኩ። አሥራ አንዱ፣ «አልሄድም ነበር» አሉ። ለዚህ መልስ ረድፍ የለም፤ በእጄ አሰመርኩ።
እማማ ይመኙሻልና አልታየች ከሰልፉ መጨረሻ ነበሩ። ጋሽ ተስፋሚካኤል ሞተር አጥፍቶ ወረደ። አሥራ አምስት ዓመት አብሬው ስሠራ ለተሳፋሪ ሲወርድ አይቼው አላውቅም። ክንዳቸውን ይዞ አሳፈራቸው። ከፊት አስቀመጥኳቸው።
ኃይለኢየሱስ ባጃጁን ፌርማታው ላይ አቁሞ ነበር። አውቶቡሱ ስለመጣበት ወደ ጎን አንቀሳቀሰ። በመስኮት በኩል ተያየን። እሱ ሰላም አላለኝም፣ እኔም አላልኩትም። በስድስት ሰዓት ጠባሴ ላይ ሥራ ስጨርስ እዚያው ነው፣ ሰው አልጫነም። ሄጄ ከኋላ ገባሁ።
«የት?» አለ።
«ቤት» አልኩት። «ምሳ አልበላህም አይደል?»
ሞተሩን አስነሳ።