ሰሌዳ ያልቆመላት የሐይቅ ዳር መንገድ

ሰይዴ፣

እንደምን ከረምክ ብዬ አልጀምርም። ያለህበትን ሁኔታ የሚያውቀው አላህ ነው፤ እኔ የማውቀው የራሴን ብቻ ነው። ከተለያየን ድፍን ሃያ አንድ ወር ሆነን። ሃያውን ወር አልቅሼልሃለሁ። ይህን የመጨረሻውን ግን ያሳለፍኩት ተቆጥቼህ ነው። ደብዳቤውንም የምጽፍልህ ቁጣዬ ሳይበርድ ነው፤ ከበረደ እንደ ልማዴ እተወዋለሁ።

ከቤት ወሬ ልጀምርልህ። ሰፈራችን ሂልቶፕ እንደተውከው ነው። ከኛ ቤት መታጠፊያ ላይ ያለው ጉድጓድ ሁለት ጊዜ ተደፍኖ ሁለት ጊዜ ተከፍቷል፤ አሁንም ጎማ ይበላል። እኔ ፖላሪስ የገበያ ማዕከል ያለውን የልብስ ሱቅ ሥራዬን አልለቀቅኩም፤ ሰው አንስቶ የበታተነውን ልብስ ሳጥፍ እውላለሁ። ልጃችን ሐያት ኮሌጅ ሦስተኛ ዓመቷን ይዛለች። ዛሬም በአማርኛ ሳወራት በእንግሊዝኛ ትመልስልኛለች። አማርኛው የሚመጣላት ሲከፋት ብቻ ነው። የክረምት ካፖርትህን በሩ ጀርባ ካለው ሚስማር ላይ አላነሳሁትም፤ እንግዳ ሲመጣ የኔን እደርብበታለሁ።

አሁን ወደ መንገድህ ልምጣ። ይህን ደብዳቤ ሌላ ሰው ቢያነበው እንዲገባው፣ አንተ የምታውቀውንም ቢሆን ከሥሩ ላንሳው። ዘጠኝ ዓመት ሙሉ ከኮሎምበስ መጋዘን ዳቦና ወተት ጭነህ ወደ ሰሜን፣ ኢሪ ሐይቅ ዳር ወዳሉ የገጠር ሱቆች ትነዳ ነበር። ከሀይዌዩ ከወጣህ በኋላ የሐይቁን ጠርዝ ይዛ የምትሄድ አሥራ አንድ ማይል መንገድ አለች። ጠባብ ናት፤ በአንድ በኩል የበቆሎ እርሻ፣ በሌላው በኩል ውሃ። መንገዷን በመውደድህ የመስጊድ ጓደኞችህ ይቀልዱብህ ነበር። ወሎ፣ ሐይቅ ከተማ ስላደግክ ያገርህ ውሃ ትዝ ብሎህ ነው ይሉሃል። አንተ ትቆጣ ነበር። እዚያ መንገድ ላይ ገበሬዎቹ በመኪና ሲያልፉህ ከመሪው ላይ አንድ ጣታቸውን ብድግ አድርገው ሰላም ይሉሃል፤ ኮሎምበስ ውስጥ ማንም እንዲህ አድርጎልኝ አያውቅም ትል ነበር። በቃ፣ ምክንያትህ ይኸው ነበር። በአንድ ጣት ተገዛህ።

መንገዷ መሃል ላይ ትንሽ ሱቅ የነበራቸው ሚስ ሩት የሚባሉ ጡረተኛ አስተማሪ ነበሩ። ዳቦ የምታራግፍላቸው። መንገዷ በስቴቱ የውብ ዕይታ መንገድ ተብላ እንድትመዘገብ ኮሚቴ ሲያቋቁሙ፣ ካንተ በላይ የነዳት የለም ብለው አንተንም አስገቡህ። ስትነግረኝ የሳቅኩትን ሳቅ አልረሳውም። ምን ይጠቅማል አልኩህ። ሰሌዳ ይቆምላታል፣ ካርታ ላይ ትገባለች፣ ማንም ተነስቶ እንደፈለገ አይቆርጣትም አልከኝ። እኔ ደግሞ የራሷ እያረረባት የሰው ታማስላለች ብዬ ተረትኩብህ። በራችን ላይ ያለውን ጉድጓድ የሚደፍንልን ሳናገኝ፣ የነጭ ገበሬ መንገድ ታስመዘግባለህ?

አንተ አልሰማኸኝም። ማመልከቻው አስቸጋሪ ነበር። ማይል በማይል፣ በቀኝ ምን ይታያል፣ በግራ ምን ይታያል እየተባለ ይሞላል። ዕቃ ማስረከቢያ ወረቀት ጀርባ ላይ በአማርኛ ጽፈህ ታመጣለህ፤ ሐያት ኩሽና ጠረጴዛ ላይ ተቀምጣ ወደ እንግሊዝኛ ትመልሰዋለች። ማይል ሦስት፣ ጣሪያው የወደቀ ጎተራ፣ ትልልቅ ወፎች ያርፉበታል። ማይል አምስት፣ ሻጭ የሌለው የኮክ ፍሬ መሸጫ፣ ሰው ሂሳቡን ቆርቆሮ ውስጥ ጥሎ ይሄዳል። ማይል ሰባት ላይ ስትደርስ እንዲህ ጻፍክ፦ እዚህ ጋ ሰው ዝም ይላል። ሐያት ብዕሯን ጣለች። «ዳዲ፣ ዜር ኢዝ ኖ ቦክስ ፎር ዛት» አለችህ። ፎርሙ ላይ ለዝምታ የተሰጠ ቦታ የለም ማለቷ ነበር። አንቺ ጻፊው፣ ቦታውን እነሱ ይፈልጉለት አልካት። ተጻፈ።

እኔን ይዘኸኝ የሄድከው አንድ ጊዜ ብቻ ነው፤ ኮሮና ከመግባቱ በፊት በነበረው ሰመር። ሰባተኛው ማይል ላይ መኪናዋን ዳር አስያዝካት። ከሰዓት በኋላ የአስር ሰላትህን የምትሰግድባት ሣር ነበረች፣ ከገደሉ አፍ ትንሽ ወዲህ። ውሃውና ሰማዩ የት እንደተገናኙ አይለይም ነበር። የኔ አፍ ግን አላረፈም። ስለ እህትህ ልጅ ሠርግ፣ ስለ ልብስ ማጠቢያው መበላሸት፣ ስለ ፖላሪሷ አለቃዬ ለፈለፍኩ። አንድ ጊዜ ዞር ብለህ አየኸኝ፣ ፈገግ አልክ፣ ወደ ውሃው ተመለስክ። ዝም በይ አላልከኝም። ብትለኝ ምናለበት?

ማመልከቻው ገብቶ መልስ በሚጠበቅበት በልግ በኮሮና ታመምክ። ሆስፒታል በር ድረስ ወስጄ ጣልኩህ። ጣልኩህ ነው የምለው፤ ከበሩ ወዲያ አላሳለፉኝም። ከዚያ ወዲያ የቀረኝ ድምፅህ ብቻ ነበር። እሱም በየቀኑ እያጠረ የሚሄድ። በደወልክ ቁጥር ስለራስህ ሁለት ቃል ትልና፣ መንገዷስ ምን ተባለች ትለኛለህ።

መልሱ በሐያት ኢሜይል መጣ። አንተ ኢሜይል ስለማትከፍት የሷን ነበር የሰጠኸው። ተነበበልኝ። አስቀያሚ ናት አላሉም፤ እንዲህ ያሉ ሰዎች አስቀያሚ አይሉም። ልፋታችሁን እናደንቃለን፣ ይሁንና ዕይታው ለመመዝገብ የሚያበቃ ልዩ ጠባይ አልተገኘበትም ይላል። አንድ ቀን መጥተው ነድተዋት ይሆናል። ወይም ጨርሶ አልመጡም። አሥራ አንድ ማይል በቀስታ ለመንዳት ግማሽ ሰዓት ይበቃል፤ ያንተ ዘጠኝ ዓመት በግማሽ ሰዓት ታየ።

የሆነውን ታውቃለህ፤ ግን ከኔ አፍ ስማው። ለበሽተኛ ክፉ ወሬ አይነገርም። አንተም እኔም ያደግነው እንዲህ ነው። አባትህ ወሎ ላይ ሲሞቱ ሳምንት ሙሉ ደብቀንህ፣ ሥራ ቦታህ ሰው ልከን ማንም ኮል እንዳያደርግልህ ነግረን፣ ጎህ ሲቀድ ነው ሽማግሌዎች ይዘን መርዶህን የነገርንህ። ስትወድቅ የሚይዝህ ሰው በግራም በቀኝም ነበረህ። እና ሐያት አባቴ የማወቅ መብት አለው፣ እንንገረው ስትለኝ፣ መብት በሽታ አያድንም ብዬ አፏን አስያዝኳት። ስትደውልልኝ፣ ተፈቀደ አልኩህ።

አልሐምዱሊላህ አልክ። ሦስት ጊዜ። ሦስተኛውን ትንፋሽህ አልጨረሰውም።

ከሦስት ቀን በኋላ ደወልክልኝ። ድምፅህ ረጋ ብሎ ነበር። ሰሌዳው ቢዘገይ አይግረምሽ አልከኝ፤ እነዚህ ሰዎች አንድ እንጨት ለመትከል ዓመት ይፈጅባቸዋል። ማንንም አትጠይቂ፣ አትጨነቂበት፣ በጊዜው ይቆማል አልክ። እኔ ሞኟ ደስ አለኝ። ውሸቴ ዕድሜ አገኘ ብዬ ነው ደስ ያለኝ። ከዚያ በአምስተኛው ቀን ሞትክ። ጀናዛህን ተራርቀን የቆምን ጥቂት ሰዎች ሸኘንህ። ከመሬት በታች ስትገባ የተጽናናሁበት አንድ ነገር፣ መንገዱ ተፈቅዶለት ደስ ብሎት ሞተ የሚለው ነበር። ለቅሶ ሊደርሱኝ ለሚደውሉ ሁሉ ይህንኑ ስነግር ከረምኩ።

ሆስፒታሉ ዕቃህን በላስቲክ ከረጢት ሰጥቶኝ ነበር። ቁምሳጥኑ ሥር ከተትኩት፤ አልከፈትኩትም። ባለፈው ወር ሐያት ፎቶህን ፍለጋ ስልክህን ከዚያ አውጥታ ቻርጅ አደረገችው። ስልኩ ውስጥ የሚስ ሩት የድምፅ መልእክት አለ። ለካ አንተ እኔ በነገርኩህ ማግስት እንኳን ደስ ያለዎት ልትላቸው ደውለህ መልእክት ትተህላቸዋል። እሳቸውም መልሰው ደውለው፣ ሚስተር ሰይድ፣ በጣም አዝናለሁ፣ የነገረህ ሰው ተሳስቷል፣ አልተቀበሉንም ብለዋል። ሐያት ይህን የነገረችኝ በአማርኛ ነው። ከመልእክቱ ቀጥሎ አንተ ወደሳቸው የደወልከው ኮል አለ፤ ሩብ ሰዓት ቆይቷል። ከዚያ ቀጥሎ ያለው የኔ ቁጥር ነው። ሰሌዳው ቢዘገይ አይግረምሽ ያልከኝ ቀን።

ቅዳሜውን ሐያት እየነዳች ሄድን። ሚስ ሩት ሱቁን ዘግተው፣ ልጃቸው ዘንድ ሊሄዱ ዕቃ በካርቶን ሲያሽጉ ደረስን። ምን እንዳልካቸው ጠየቅኳቸው። ካርቶን ላይ ቁጭ አሉና ነገሩኝ። ሚስቴ ተፈቀደ ብላኛለች፤ እንዳወቅኩባት እንዳታውቅ፣ አደራ፣ ብለሃቸዋል። ግራ እንደገባቸው፣ ግን ቃል ስለገቡልህ እኔን ለቅሶ ለመድረስ ሲደውሉ እንኳ ምንም እንዳላሉ ነገሩኝ። ከኛ ሰው ቢሆኑ ኖሮ ሩብ ሰዓት ማስረዳት ባላስፈለገህ ነበር፤ ወዲያው ይገባቸው ነበር። ድጋሚ ያመልክቱ እንደሆነ ጠየቅኳቸው። ራሳቸውን ነቀነቁ። ከኮሚቴው አንዱ እንዳንተ ሞቷል፣ ሌላው መሬቱን ሸጧል። የሚያመለክት ሰው አልቀረም።

ወደ ሰባተኛው ማይል ሄድን። ሣርህ ላይ አጥር ቆሟል። ሰሌዳስ አለ፤ የግል ይዞታ ነው፣ መግባት ክልክል ነው የሚል። መንገዷ ያገኘችው ሰሌዳ ይኸው ነው።

እና ለምን ተቆጣሽኝ ብትለኝ፣ ማወቅህ አይደለም ያናደደኝ። ያንን መርዶ ብቻህን መስማትህ ነው። በሰው ቋንቋ፣ ከስልክ ቀፎ ውስጥ፣ እጅህን የሚይዝ በሌለበት። ያባትህ መርዶ ጊዜ ዙሪያህን የከበብንህ እኛ፣ የመንገድህ ጊዜ የት ነበርን? እኔ ከመርዶ ልጠብቅህ ብዬ መርዶ ነጋሪ አሳጣሁህ። አንተ ደግሞ እኔን ከሐፍረት ልታድነኝ ብለህ፣ በዚያችው ባለቀች ትንፋሽህ ውሸቴን ደገፍክልኝ። አብረን ማልቀስ ስንችል አንዳችን ለአንዳችን ስንሳሳ፣ አንተም ብቻህን አዝነህ ሄድክ፣ እኔም በሐሰት ተጽናንቼ ቀረሁ። ደግነት እንዲህ ከጎዳን ክፋት ምን ሊያደርገን ነበር?

አሁን ሱብሂ ሰግጄ ነው የምጽፍልህ። ጎህ እየቀደደ ነው። ሐያትን ቀስቅሻት አጠገቤ ተቀምጣለች፤ ለምን በዚህ ሰዓት አላለችኝም። እንግዲህ ሰዓቱም ደርሷል፣ ሰውም አለ፣ በወጉ ልንገርህ።

ሰይዴ፣ መንገድህ አልተፈቀደችም። ሰሌዳ የላትም፣ ከእንግዲህም አይቆምላትም። የሠራኸው ከንቱ ሆነ፤ የሳቅኩብህ እኔም ተሳስቼ ነበር፣ ውብ ናት።

አላህ ይርሐምህ። የጻፍክባቸው ወረቀቶች እኔ ዘንድ ናቸው፤ አንድም አልጠፋም። በየዓመቱ ሐያት ትነዳለች፣ እኔ ወረቀቶቹን ጭኔ ላይ ይዤ በቀኝ የሚታየውን በቀኝ፣ በግራ የሚታየውን በግራ፣ ጮክ ብዬ እያነበብኩ አሥራ አንዱንም ማይል እሄድልሃለሁ። አጥር ቢያጥሩም ከመንገዷ ላይ አያስወርዱኝም። ሰባተኛው ማይል ላይ ስንደርስ ግን፣ ይኸው ቃሌ፣ ዝም እላለሁ።

ሚስትህ፣ ዘሃራ