በአባትህ ጀርባ የነበረው ቱቦ

ነገሌ ቦረና፣ ጥር ፲፬ ቀን ፲፱፻፷፭ ዓ.ም.

ለልጄ ለሞሉ ጉራቻ፣ ናይሮቢ

የሆዴ ፍሬ፣ እንደምን ከርመሃል? እኔ ደክሞኛል እንጂ ደህና ነኝ።

አባትህ አዲስ አበባ ደረታቸው ተከፍቶ ከሳንባቸው ዕጢ ወጣላቸው። ከዚያ በጭነት መኪና ተሳፍረን ነገሌ እስክንገባ «አመመኝ» የምትል አንዲት ቃል ከአፋቸው አልወጣችም።

አዲስ አበባ ሆስፒታል ሳለን ሕመማቸውን የሚያስታግሰው ሐኪሙ በአከርካሪያቸው አጠገብ ያስገባው ቀጭን ቱቦ ነበር። መድኃኒቱ በዚያ እየገባ የተሰፋውን ጎናቸውን ያደነዝዝላቸዋል፤ እሳቸውም በደንብ ይተነፍሳሉ፣ ያስላሉ። «ካላሳሉ ሳንባቸው ይታፈንና እናጣቸዋለን» ብሎኛል ሐኪሙ።

አንድ ጠዋት ነርሷ ደስታነሽ «አባባ፣ እንዴት አደሩ?» ስትላቸው «ናጋ» አሏት። ሰላም ናቸው ብላ አለፈች። እኔ ግን ፊታቸው አመድ መስሎ፣ ትንፋሻቸው ከጉሮሯቸው አልወርድ ብሎ አየሁ። አንሶላውን ላስተካክል እጄን ብሰድ ከጀርባቸው ሥር ርሷል። ለካ ቱቦው ወልቆ መድኃኒቱን የሚጠጣው ፍራሹ ኖሯል!

«አባ ሞሉ፣ ምነው ሳይናገሩ?»

«ሰው ሰላም ሲልሽ ቁስልሽን ገልጠሽ ታሳያለሽ?»

«ነርስ እኮ ናት! ሕመምዎን ነው የጠየቀችዎ።»

«እንዴት አደሩ ነው ያለችኝ። ከዚህ ወዲያ ሰላምታ ምንድን ነው?»

ድምፃችንን ሰምታ የተመለሰችው ደስታነሽ ሳቋ አመለጣት፤ እኔ አልሳቅሁም። ሐኪሙ ተጠርቶ ሌላ ቱቦ አስገባላቸው።

እዚህ ቱቦ የለም። የተሰጠን ሲያማቸው የሚውጡት ክኒን ነው። «አላመመኝም» ይላሉ፤ አይውጡም፤ ስለዚህም ማሳል አልቻሉም። የጤና ጣቢያው ድሬሰር ወልደሚካኤል ትናንት ደረታቸውን አዳምጦ ራሱን ነቀነቀ።

ተቆጣሁ። «ለእኔ ካልነገሩ ለማን ሊነግሩ ነው?» አልኳቸው። ወደ ግድግዳው ዞሩ።

«የከብቶቹን የውሃ ጉድጓድ ስንጠርግ ድንጋይ ጎኔን የመታኝ ጊዜ፣ ለሞሉ ነግሬዋለሁ» አሉ።

ይህን ሁሉ ዘመን አብሬያቸው ስኖር አላውቅም ነበር። አንተም አልነገርከኝም።

ከብቱን ትተህ መኪና ስለመንዳትህ ከአባትህ ጋር የተባባላችሁትን አላነሣብህም። እሳቸው «ይምጣ» አላሉኝም፤ ያላሉትን አልጽፍም። የአብዱልሃሚድ መኪና ሐሙስ ሐሙስ ከሞያሌ ተነሥቶ ነገሌ ይገባል።

መንገድህን የቀና፣ ውሃህን የቀረበ ያድርግልህ።

እናትህ ዘርፌ