ደግነትህ አስፈራኝ

ወንድሜ አበረ፣ ወረታ ላይ እንዴት ናችሁ?

በዚህ ፖስታ ካርድ ላይ የምታየው የሩዝ ማሳ ከሆስፒታሉ መስኮት ይታየኛል፤ ነሐሴ ላይ ውኃ የተኛበትን የእኛን ቀበሌ ቁሐር ሚካኤልን ይመስላል። ሕንድ የመጣሁት የሩዝ አዘራራቸውን ለማየት ነበር፤ ትርፍ አንጀቴ ፈንድቶ በሦስተኛው ቀን አልጋ ላይ ጣለኝ። ከቀዶ ጥገናው ወዲህ ሐኪሙ እየመጣ ብዙ ያወራል፤ የምትተረጉምልኝ የጎንደሯ ተማሪ መሠረት ግን "ደህና ነዎት ይላል" ብላ ፈገግ ትላለች። ያን ፈገግታ አውቀዋለሁ። ጎረቤታችን ሰውመሆን ታሞ ሳለ እኔና አንተም እንዲሁ ፈገግ ብለን "ለአጨዳ ትደርሳለህ" አልነው፤ በሳምንቱ ቀበርነው።

ይባስ ብሎ፣ ከብቶቼ ሩዝህን መብላታቸውን ሰምቼ ብደውልልህ "ይብሉት፣ ምን አለበት" አልኸኝ። አንተ! ማሳህ ለገባች አንዲት ጥጃ ሽማግሌ የሰበሰብህብኝ ሰው! በቃ፣ አልቆልኛል አልሁ።

ዛሬ ረቡዕ ነው፤ ምግቡን ወተት ነክቶት ይሆናል ብዬ ጠርጥሬ በወረቀት ጠቅልዬ ትራሴ ሥር ደበቅሁት። መሠረት አገኘችው። "አባባ፣ አልበላም፣ አልራመድም ካሉ አገርዎን አያዩዋትም!" ብላ ጮኸችብኝ። በሚሞት ሰው ላይ ማን ይጮኻል? ደስ ብሎኝ ኮሪደሩን ሦስት ጊዜ ዞርሁት።

ቦታው አለቀብኝ። ባለቤትህን ወይዘሮ አገኘሁሽንና ልጆቹን ሳምልኝ። አንተን ግን ገና አላመንሁህም፤ ካርዱ እንደደረሰህ ደውልና ስለ ሩዝህ ተቆጣኝ።

መንግሥቴ